የአይንሽታንድ ሳምቡሳ

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ከቤቴ ሊወስዷት ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሳጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቴኒስ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ በባቡር የሚኬድበት፣ ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ እያደሩ የሚማሩበትና የሚለማመዱበት ቤት አላቸው። የእኔ ሆድ ግን ልጅ ከጎኔ ከራቀች ወሳጁ ደግ ይሁን ክፉ አይለይም፤ ዝም ብሎ ይባባል። ያን በጋ ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ ልስጥ ወይስ ልከልክል።

የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከጫካው አጠገብ፣ አውሮፕላን ከጣራው በላይ እያጓራ በሚያልፍበት። ባለቤቴ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እኔ የሽማግሌዎች መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ስለሆነ ጀርመንኛን ያስተማረኝ ድስት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቃል ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የወጥ ቤት ትርጉሙ ነው። ያ ከሌለ ደግሞ የመድኃኒት ቤት ትርጉሙ፤ ልጅ ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ ከወጥ ቤት ቀጥሎ የማዘወትረው መድኃኒት ቤት ነበርና።

ቴኒስም ወደ ቤታችን የገባው በመድኃኒት ቤት በኩል ነው። በዚያ ዘመን የጀርመን ልጅ ሁሉ ራኬት አንግቶ ነው የሚዞረው። አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ነገ ሽኑፐር ትሬኒንግ አለን» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሽኑፕፈን» ነው፤ ጉንፋን ማለት ነው። ጉንፋን የያዛቸውን ልጆች ሰብስበው ሊያስሮጡ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሁለት ካናቴራ ደርቤ፣ ሻርፕ ጠምጥሜ፣ የዝንጅብል ሻይ በቴርሞስ አስይዤ ላክኋት። ግንቦት ነበር። ለካ ቃሉ ማሽተት ማለት ነው፤ ልጆቹ ጨዋታውን እንዲያው ያሸቱትና የወደደው ይቀጥላል። ልጄ በላብ ተጠምቃ መጣች፤ ነጭ ካልሲዋ ከሜዳው አፈር የተነሳ ቀይ ሆኗል። አሽታ ወዳዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቀይ አፈር ሳጥብ የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

የሰፈሩ ቴኒስ ክበብ አሰልጣኝ እንግሊዛዊ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል አፍንጫው የሚላጥ ሰው። ጀርመንኛው እንደ እኔው የተሰባበረ ስለነበር ከክበቡ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የምግባባው ከእሱ ጋር ነው። የእኔን ስም መጥራት አቅቶት እንደ ልጄ «ማማ» ይለኝ ነበር፤ በዕድሜ ግን ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም።

እኔ ሥራ ስገባ ልጄን ወደ ሜዳ የሚያደርሷት ጎረቤታችን ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን፤ ከፋብሪካው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ቀልዳቸው ደግሞ ከአማርኛቸው የፈጠነ። አሰልጣኙ እንግሊዝ መሆኑን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ የእንግሊዝ ኳስ የለቀምኩ ሰው ነኝ። አስመራ በእነሱ እጅ ሳለች ሕፃን ነበርኩ፤ መኮንኖቹ ሲጫወቱ ኳስ አቀብላለሁ። ግማሹን ከመረቡ ሥር፣ ግማሹን ከጎረቤት ጓሮ ነበር የማመጣው። ሲመቱ አይቻለሁ፤ ሲያስገቡ ግን አላየሁም።»

ይህንኑ ለራሱ ለእንግሊዙ በእንግሊዝኛ ነገሩት፤ ለእኔ ደግሞ እየተረጎሙ። እሱም ባርኔጣውን አንስቶ፣

«ጌታዬ፣ ከዚያ ወዲህም አልተሻሻልንም» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ወዳጅነታቸውም መናቆር ነበር።

«ጨዋታውን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?» ይሉታል አባባ።

«እኛ ነን።»

«ታዲያ ሌላው ሁሉ ለምን ያሸንፋችኋል?»

«እንግዳ ተቀባይ ስለሆንን።»

አንድ ቀን እኔም ነገሩን ጠየቅሁት፤ ለምን ከአገሩ ወጥቶ የጀርመን ልጆችን እንደሚያስተምር። መልሱን በቀልድ ጀመረ። «በአገሬ ቴኒስ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው፤ የለንደኑ የሣር ሜዳ ውድድር ሲደርስ። ያኔ ሕዝቡ ሁሉ 'የእኛ ልጅ የት አለ?' ይላል። ልጁ ይሸነፋል። ጋዜጣው ያለቅሳል። ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ዝናብ ይዘንብና ሁሉም እስከሚመጣው ዓመት ይረሳዋል።»

«ሻዩንስ አውቀዋለሁ» አሉ አባባ።

ቀጥሎ ግን ሳይስቅ ተናገረ። «እዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ በእግሯ መጥታ ትጫወታለች። እኔ ባደግሁበት ከተማ ሜዳው ከረጅም አጥር ጀርባ ነው። በሩ ላይ ነጭ ያልለበሰ አይግባ ይላል። ልጁ ነጩ ልብስ እስኪገዛለት ድረስ እግር ኳስ ተጫዋች ይሆናል።»

«ሙሉ ነጭ?» አልኩት ደንግጬ። «አፈሩስ?»

«እኛ ጋ ሣር ነው፤ ልብሱን የሚነካው አረንጓዴ ነው።»

«እሱማ ጭራሽ አይለቅም!» አልኩት። የእንግሊዝ እናቶች አሳዘኑኝ። የአገሪቱ ቴኒስ ያላደገው በእጥበቱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት፤ ኮሚቴው ይህን አስቦት እንደማያውቅ አረጋገጠልኝ።

አቆጣጠሩም ግራ ያጋባኝ ነበር። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ ይሉና አርባ አምስት መሆን ሲገባው አርባ ይላሉ። አባባን ብጠይቃቸው «እንግሊዝ አይደል የሠራው? አምስቷን ለቀረጥ ቆርጧታል» አሉኝ። ለብዙ ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ልጄ ለክበቡ የልጆች ቡድን መጀመሪያ የተጫወተች ቀን፣ ጥላ ይዤ፣ ኳስ ዓይኗን እንዳይመታት እየጸለይኩ ዳር ተቀምጫለሁ። ዳኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ እንደ መሰላል ካለ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ወጥተው በባቡር ጣቢያ ድምፃቸው ነጥብ ይጠራሉ። በመሃል «አይንሽታንድ!» ብለው ጮኹ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ወጥ ቤቱ ሥራ ስጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «አይንሽታንድሽ መቼ ነው?» እያሉ ጠይቀውኛል። አዲስ ሠራተኛ ለባልደረቦቹ የሚያበላው ነገር ነው፤ «መጣሁ፣ ተቀበሉኝ» እንደማለት። እኔም ያኔ ዶሮ ወጥ ይዤ ሄጄ ባልደረቦቼ ከቧንቧው ሥር አፋቸውን ከፍተው ውሃ ሲጠጡ አይቻለሁ። ስለዚህ ዳኛው ከላይ ሆነው «አይንሽታንድ!» ሲሉ ፊቴ ጋለ። አዲሷ ልጅ የእኔ ናት። ባዶ እጃችንን መጥተናል። ሰውየው ደግሞ ይህን ነውራችንን በሕዝብ ፊት ይለፍፉታል። አንድ ጊዜ ቢሉ ይሻል ነበር፤ ደጋገሙት። ልጄ ከተጋጣሚዋ ጋር እኩል በሆነች ቁጥር «አይንሽታንድ!» ይላሉ፤ እኔ ወንበሬ ላይ እያነስኩ እሄዳለሁ።

በሚቀጥለው ጨዋታ የምስር ሳምቡሳ በትልቅ ትሪ ሠርቼ፣ በፎይል ሸፍኜ መጣሁ። የሚጾምም የማይጾምም፣ ሥጋ የማይበላም እንዲበላው ብዬ ነው ምስር ያደረግሁት። ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ዳኛው «አይንሽታንድ!» ከማለታቸው ተነሣሁ፤ በመረቡ ጎን አልፌ፣ ጫማዬ አፈሩ ላይ እየታተመ ወደ ከፍተኛው ወንበር ሄድኩ፤ ትሪውን ወደ ላይ ዘረጋሁላቸው። በምችለው ጀርመንኛም «ስለዘገየን ይቅርታ» አልኩ።

ልጄ ከዚያ ጫፍ «ማማ! ፓይንሊሽ!» ብላ ጮኸች። አሳፋሪ ማለት ነው፤ በዚያ ዕድሜዋ ከአፏ ከሚወጣው ቃል ግማሹ እሱ ነበር። ዳኛው ትሪውን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ሳምቡሳ አነሡ። «ዳንከ» ብለው አመሰገኑና የሚቀጥለውን ነጥብ ምስር በሞላ አፋቸው ጠሩ። ምን እንዳሉ ማንም አልሰማቸውም፤ ተጫዋቾቹም ነጥቡን ደገሙት።

እንግሊዙ አጥሩን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ ቃሉ በቴኒስ ሁለቱ ተጫዋቾች አርባ ደርሰው እኩል ሲሆኑ የሚባል መሆኑን ነገረኝ። «የእኛ አገር ሰዎች ይህን ጨዋታ ስንት ዘመን ሲጫወቱ ይህ ሕግ እንደጎደለው አላወቁም» አለ ሦስተኛውን እየበላ። አባባ ደግሞ ለሳምንት ያህል በሬን ሲያንኳኩ «ማነው?» ስል «አይንሽታንድ!» ይሉኝ ነበር።

ትሪው ግን ቀረ ብላችሁ እንዳታስቡ። የክበቡ ሰዎች ለምደውት መጥፊያ አጣሁ። ልጄ ስትጫወት ዳኛው «አይንሽታንድ» ባሉ ቁጥር የተመልካቹ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ልጄም ከሜዳው ሆና ታየኛለች፤ በመጀመሪያ ዓይኗን እያጉረጠረጠች፣ እየቆየ ግን ሳቋን እየዋጠች።

እንግዲህ ያ የወሬ በጋ መጣ። ኮፍያ ያደረገች አንዲት ሴት ከዚያ የአዳሪ ቤት መጥታ የየክበቡን ልጆች ልታይ ነው፤ ለቀረው አንድ ቦታ የእኔ ልጅና አንዲት ከሌላ ሰፈር የመጣች ልጅ ይጋጠማሉ ተባለ። ባለቤቴን ጠየቅሁት። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለኝ። ነገሩ ቀላል ሲሆን እሱ ይወስናል፤ ከባድ ሲሆን የእኔ ነው። ልጄን ጠየቅኋት፤ በጀርመንኛ «አላውቅም» ብላ በሯን ዘጋች።

የጨዋታው ቀን በለንደኑ ውድድርም አንድ እንግሊዛዊ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በክበቡ ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቷል። እንግሊዙ አንድ እግሩ በር ላይ፣ አንድ እግሩ ሜዳ ላይ ነው። እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ልጁን አየሁት። ቀጭን ነው፣ ፊቱ ገርጥቷል።

«ቁርስ በልቷል?» አልኩ።

«ማማ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚጫወተው፤ እንኳን ቁርስ ውሃም አይወርድለት» አለኝ። «ችግሩ ከኋላው ሌላ ልጅ የለም። አሥር ቢሆኑ ሸክሙን ይከፋፈሉት ነበር።»

«እናቱስ?»

«እናቱን ቴሌቪዥኑ አያሳየንም።»

የእኛዎቹ ጨዋታ ተጀመረ። አባባ በር ላይ ቆመው የለንደኑን ወሬ ያቀብላሉ፤ «ያንተ ልጅ መረብ ውስጥ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ ትሪዬን ይዤ እጸልያለሁ፤ ግን ጸሎቱ አልወጣልኝም። ታሸንፍ ብል ይወስዷታል። ትሸነፍ ብል ልጄ ታለቅሳለች፤ የገዛ ልጅን ሽንፈት ለምኖ ደግሞ ከእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይቆማል? ጸሎቴም እንደ ጨዋታው አይንሽታንድ ላይ ቆመ።

የመጨረሻው ዙር እሱም አላልቅ አለ። «አይንሽታንድ!» ይላሉ ዳኛው፤ ሰው ወደ ትሪው ይዞራል። አንዷ ትቀድማለች፣ ሌላዋ ትደርስባታለች። «አይንሽታንድ!» ሰው እንደገና ይዞራል፤ አንድ ሰውዬ «አሁንስ ራበን!» አለ። ያችኛዋ ልጅ ራኬቷን በአፈሩ ላይ ትመታለች። የእኔዋ ወደ እኔ አየት ታደርግና ፈገግ ትላለች። በመጨረሻ የልጄ ኳስ መረቡን ነክቶ ወደ ራሷ ጎን ወደቀ። ተሸነፈች።

ሮጬ አቀፍኳት። «አይዞሽ የእኔ እናት፣ አይዞሽ» እያልኩ ላቧን ጠረግሁ፣ ሹራብ አለበስኳት። አለቀሰች። እኔ ከእሷ ጋር አዝኛለሁ፤ ሆዴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ሳምንት በኋላ አረፈ። ጉዳዩ አለቀ፤ ልስጥ አልስጥ የለም፤ ማታ ቤቷ ታድራለች።

እንግሊዙ መጣ። የለንደኑም ተሸንፎ ነበር። «ሁለት ሽንፈት በአንድ ቀን!» አሉት አባባ ትከሻውን እየደበደቡ፤ «ለእንግሊዝ ግን ግማሽ ፍጻሜም ዋንጫ ነው።» እሱ ግን ልብ አላላቸውም። ኮፍያ ያደረገችውን ሴት ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ፈገግታው ግን የተሸነፈ ሰው ፈገግታ አልነበረም።

«ልጅዎን እንፈልጋታለን» አለችኝ ሴትየዋ።

«ተሸነፈች እኮ!»

«አይቻለሁ። እኛ የምናየው ማን አሸነፈ ብቻ አይደለም። እኩል ሲሆኑ፣ ጭንቀቱ ሲበዛ፣ ሌላው ልጅ ሁሉ ይናደዳል ወይም ይደርቃል። የእርስዎ ልጅ ትስቃለች። እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ይህን ማን እንዳስተማራት ብትነግሩኝ...»

እንግሊዙ ትሪዬን አየ። አባባ ትሪዬን አዩ። እኔም አየሁት። ልጄ የሳቀችው በእኔ ነው። በገዛ ምስሬ፣ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ልጄን አስወሰድኳት።

ሴትየዋን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። ሌሊት ብታስል ማን ይሰማታል? ፀጉሯን ማን ያበጥርላታል? ዝናብ ሲዘንብ ኮት ልበሺ የሚላት ማነው? ሴትየዋ በትዕግሥት መለሰች። «የቤት እናት አለች» አለችኝ።

«የቤት እናትማ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሴትየዋ እንድናስብበት ትታን ስትሄድ እንግሊዙ አጠገቤ ተቀመጠ። አንዲት ሳምቡሳ አንሥቶ ሳይበላት ያገላብጣታል።

«እኔንም በልጅነቴ እንዲህ ያለ ቤት ልከውኝ ነበር» አለኝ። «እናቴ ለጨዋታዬ ትመጣ ነበር፤ ግን ከመኪናዋ አትወርድም። ጓደኞቼ ፊት እንዳታሳፍረኝ ብላ። ጨዋታው ሲያልቅ ነው መስኮቱን ዝቅ የምታደርገው።»

«ብትወርድና ብታሳፍርህስ?»

«እንጃ» አለ። «ምናልባት እኔም እኩል ሲሆን እስቅ ነበር።» ከዚያም «ስለዚህ ማማ፣ ብትሰጪያትም ከመኪና ውረጂ» አለኝ።

«መኪና የለኝም» አልኩት።

«በጣም ጥሩ» አለና ሳምቡሳዋን በላት።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ እኔ መቼም ለማሰብ ስንፍና የለብኝም። ጠዋት ልጄ ወጥ ቤት ገባች። ቁርሷን አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። እሷ ከእኔ ጋር በጀርመንኛ ማውራት ከጀመረች ቆይታለች፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች። ያን ቀን ጠዋት ግን በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣

«እማዬ፣ ብሄድ... አዲስ ነኝ አይደል እዚያ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አዲስ ነሽ።»

«እና አይንሽታንድ አለብኝ። ትሠሪልኛለሽ?»

«ፓይንሊሽ አይሆንብሽም?»

ሳቀች። «ይሆናል» አለች። «ግን ትሠሪልኛለሽ?»

ምስሩን አውጥቼ መልቀም ጀመርኩ።

ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ልትመጣ፣ በየጨዋታዋም እኔ ልገኝ ተስማማን። የሄደችበት እሑድ አባባም እንግሊዙም ጣቢያ ድረስ መጡ። አባባ ለልጄ «እዚያ እንግሊዝ ካለ ኳሱን እንዳትለቅሚለት» ብለው መከሯት። እንግሊዙን ትሪው ላይ አንድ ሳምቡሳ ለምን እንደጎደለ ስጠይቀው ወደ ሰማይ አየ። እኔ ኮቷን ቆለፍኩ፣ ሻርፏን አጠበቅሁ፤ ነሐሴ ነበር። ትሪውን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ሳምቡሳው እንዳይንሸራተት ዘንበል አታድርጊው፣ ፎይሉን እስክትደርሺ አትክፈቺው፣ ቃሪያው በዝቶ ከሆነ መጀመሪያ ንገሪያቸው እያልኩ በሩ ድረስ ተከተልኳት።

ባቡሩ ሲነሣ በመስኮቱ አየኋት። ራኬቷን ከላይ ከሻንጣው ጋር ጥላዋለች፤ ትሪውን ግን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።